ሁሉን ያሸነፍንበት ዓመት

አሰልጣኜ ምንም ነገር አይጽፉም ነበር። የሌሎች ኮሌጆች አሰልጣኞች ታብሌት ታቅፈው ሜዳ ዳር ሲቀመጡ፣ እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በስድስቱ የቴኒስ ሜዳዎች መካከል ይመላለሳሉ። ጨዋታው ሲያልቅ ግን በስድስቱም ሜዳ የሆነውን ነጥብ በነጥብ ይነግሩናል። ድሮ ያሰለጠኗት ሴት፣ ልጆቿን ይዛ ልትጠይቃቸው ስትመጣ እንኳ ከሰላምታው ቀጥለው፣ «ያኔ በግማሽ ፍጻሜው ሁለተኛ ሰርቭሽን ለምን ወደ ፎርሃንዷ ላክሽው?» ይሏታል። ሴትዮዋ ጨዋታውን ራሱን ረስታዋለች፤ እሳቸው አልረሱም። እኛ በዚህ ስንስቅ ነው የኖርነው።

ስለ እሳቸው የሚያወራ ሰው ሁሉ የሚያነሳው ዋንጫዎቹን ነው። ከዋንጫዎቹ በፊት ግን ብዙ ነገር ነበረ። ወደ ዳላስ የመጡት በደርግ ጊዜ፣ ገና ወጣት ሳሉ ነው። በሥራ ቀን ኤርፖርት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራሉ፤ ቅዳሜና እሁድ ከዳላስ በስተምሥራቅ፣ ሜስኪት ባለ መናፈሻ የሰፈር ልጆችን በነጻ ቴኒስ ያስተምራሉ። በዳላስና በፎርት ወርዝ መካከል ያለው ትንሹ ኮሌጃችን የሴቶች ቡድን ላቋቁም ሲል አሰልጣኝ አጣ። ሜዳው ተሰነጣጥቆ በስንጥቁ ሣር በቅሎበታል፤ ከመንገዱ ማዶ የግራንድ ፕሬሪ መጋዘኖች ተደርድረው የጭነት መኪና ድምፅ ቀኑን ሙሉ አይቋረጥም። ሥራውን እሳቸው ሄደው ያዙት። የመጀመሪያውን ዓመት ከዳር እስከ ዳር ተሸነፉ፤ በሁለተኛው ጥቂት አሸነፉ። ተጫዋች የሚፈልጉት ሌላው አሰልጣኝ በማያይበት ቦታ ነበር፦ ካሮልተን ካሉት የኮሪያና የቬትናም ቤተሰቦች፣ ሜስኪት ካሉት የሜክሲኮና የእኛ ሰዎች ቤት። እያደር ትልልቆቹ ኮሌጆች የእኛን ሜዳ መፍራት ጀመሩ። ከአውሮፓና ከደቡብ አሜሪካም ልጆች ራሳቸው እየጠየቁ መጡ። ጂሙ መግቢያ ላይ ያለው የዋንጫ መደርደሪያ ሲሞላ ሌላ ተገዛ።

እኔንም ያገኙኝ እዚያው ሜስኪት፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ነው። አባቴ የወሎ ሰው ነው፣ የጭነት መኪና ሾፌር። ሴት ልጁ በቫን ከከተማ ከተማ እየዞረች ትጫወታለች መባሉ አልተዋጠለትም። አሰልጣኙ ቤታችን መጥተው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ረመዳን በውድድሩ ወቅት ነው የሚገባው» አለ አባቴ። «ልጄ ጾሟን አትተውም።»

«ለምን ትተዋለች? ሰዓቱን እኔ አስተካክላለሁ» አሉ።

እንዳሉትም አደረጉ። ረመዳን ሲገባ ፕራክቲሱን ለቡድኑ በሙሉ ወደ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትከር ወደሚያልቅበት ሰዓት አዞሩት። ምክንያቱን ለማንም አልተናገሩም። በተጫወትኩባቸው ዓመታት ጾመኛ ሆኜ ሜዳ ላይ ስቆም አንድም ቀን ውሃ ዘርግተውልኝ አያውቁም። ስመረቅ ረዳታቸው ሆኜ ቀረሁ። ሰው ፊት የምናወራው በእንግሊዝኛ ነበር። አማርኛው ሌላ ሰው መስማት የሌለበት ነገር ሲኖር ብቻ የሚወጣ ነው፤ «ያቺ ልጅ ጉልበቷን አሟት ደብቃናለች፣ ዓይንሽን አትንቀይባት» የመሰለ ነገር።

ያ ዓመት ሲጀምር ከነበሩን ቡድኖች ሁሉ የላቀ ቡድን ነበረን። የካቲት ላይ ያገኘነውን ሁሉ እያሸነፍን ነበር። በዚያው ሰሞን አሰልጣኙ አንደኛ ተጫዋቻችንን፣ ከቼክ የመጣችውን ረጅሟን ልጅ፣ በሌላ ስም ጠሯት። የማን ስም እንደሆነ አወቅሁት፤ መደርደሪያው ውስጥ ካለው የድሮ ፎቶ ሥር ተጽፏል። ማንም ሰው የሚሳሳተው ስህተት ነው ብዬ አለፍኩት።

ትንሽ ቆይቶ፣ ጨዋታ መሃል፣ ለዚያችው ልጅ በአማርኛ «ጎንበስ በይ እንጂ!» አሏት። ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። ትርጉሙን ነገርኳት፤ ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ ኳሷን መለሰች፤ ነጥቡን ወሰደች። ልጆቹ ደስ አላቸው። ቃሏን የዕድል ቃል አደረጓት። ከዚያ ወዲያ ነጥብ በጠበበ ቁጥር ከስድስቱም ሜዳ «ጎንበስ!» የሚል ጩኸት ይነሳል፤ ብራዚላዊቷም፣ ኮሪያዊቷም፣ የፎርት ወርዟም ልጅ። ተመልካቹ ተቀብሎ ይጮኻል። አሰልጣኙ ግን ጩኸቱ በተነሳ ቁጥር ደንገጥ ብለው ዙሪያቸውን ያያሉ። ቃሉን ለልጆቹ ማን እንደነገራቸው አያውቁም ነበር።

ረመዳን ገባ። የፕራክቲሱ ሰዓት አልተለወጠም፤ እኔም ዝም አልኩ፣ አሁን ተጫዋች አይደለሁም። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ሜዳ ዳር ቆሜ ሳለሁ የውሃ ጠርሙስ ከፍተው ዘረጉልኝ።

«ጠጪ፤ ከንፈርሽ ደርቋል።»

«ጾም ነኝ እኮ፣ ኮች።»

«ውይ፣ ይቅርታ ልጄ» አሉና መለሱት። አንድ ሜዳ ዞረው ተመለሱ። ያንኑ ጠርሙስ ዘረጉልኝ። «ጠጪ፤ ከንፈርሽ ደርቋል» አሉ፣ በዚያው ድምፅ።

በሁለተኛው ተቀብዬ ያዝኩት። 

ከዒድ በኋላ ካሮልተን ላይ ግጥሚያ ነበረን። ቫኑን የሚነዱት እንደ ሁልጊዜው እሳቸው ናቸው፤ እኔ ጎናቸው፣ ልጆቹ ከኋላ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው። ዳላስ መሃል ስንደርስ ወደ ሰሜን፣ ወደ ካሮልተን የሚያስወጣውን ኤግዚት አለፉት።

«ኮች፣ ኤግዚቱ አለፈን።»

«አውቃለሁ» አሉ።

ሌላ መንገድ ሊይዙ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ፎቆቹ ከኋላችን ቀሩ፤ አሁንም ወደ ምሥራቅ እየሄድን ነው። ፊታቸው የረጋ ነው። እጃቸው መሪው ላይ አይንቀጠቀጥም፤ ፍጥነታቸው ልክ ነው፤ መስመር ሲቀይሩ ምልክት ያሳያሉ። ቢደናገሩ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። የጠፋ ሰው መንገዱን እንዲህ እርግጠኛ ሆኖ ሲነዳ አይቼ አላውቅም። መሪውን እንዳልነካ ፈራሁ፤ ከኋላ ስምንት ልጆች አሉ።

ሜስኪት ገባን። ያ ድሮ በነጻ ያስተምሩበት የነበረው መናፈሻ ጋ ደርሰው በጥንቃቄ ፓርክ አደረጉ። መረቦቹ ከተነሱ ቆይተዋል፤ አስፋልቱ ላይ የስኬትቦርድ መዝለያ ተሠርቶበታል። ሞተሩን አጠፉና በአማርኛ፣ «ልጆቹ ገና አልመጡም» አሉኝ።

ከኋላ አንዷ ማዳመጫዋን አወለቀች። «ደረስን?»

«ኮች» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፤ «ቁልፉን ይስጡኝ፤ የቀረውን እኔ ልንዳ።»

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። ቀጥሎ ዓይናቸው ተመለሰ። መጥፎው ያ ነው፤ የት እንዳሉ ገባቸው።

«ሜስኪት ነው ያመጣኋችሁ?»

«አዎ።»

«ለልጆቹ ምን ትያቸዋለሽ?»

«መንገድ ተዘግቶ ነው እላቸዋለሁ።»

ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጡ። ካሮልተን ዘግይተን ደረስን፤ ልጆቹ ሳያሟሙቁ ገብተው አሸነፉ። «ጎንበስ!» የሚለው ጩኸት የዚያን ዕለት ከሁልጊዜው በረታ። አሰልጣኙ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ሲያዩ ዋሉ።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። እሳቸው ጓሮ ሣር እያጨዱ ነበር። በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው ናቸው፤ ሆስፒታል ውስጥ የሚሠሩ፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት። እትዬ ነው የምላቸው። ወጥ ቤት አስገቡኝና ሻይ ላፍላ ብለው ቦርሳቸውን ከፈቱ። የምድጃውን መክፈቻዎች ከቦርሳቸው አውጥተው አንዱን ቦታው ላይ ሰኩት። 

«ነቅዬ ይዤ ነው ሥራ የምሄደው» አሉ። «ባለፈው ጋዙን ከፍቶ ሳይለኩሰው ወጣ።»

«እትዬ፣ ታዲያ ያውቃሉ ማለት ነው?»

«ባለፈው በጋ ሐኪም ነገረን። እሱም ያውቃል። ‹ይህቺን አንድ ዓመት ስጪኝ፤ ይህን ቡድን ሳልጨርስ አልወርድም› አለኝ። ምን ልበለው? ዕድሜውን ሙሉ የሠራው እሱን ነው።»

የሣር ማጨጃው ድምፅ ከመስኮቱ ማዶ ይመጣል፣ ይሄዳል። በሜስኪት የሆነውን ነገርኳቸው። እጃቸው ስኒው ላይ ቆመ።

«ልጆቹ ውስጥ ነበሩ?»

«ነበሩ።»

«በይ የቫኑን ቁልፍ አንቺ ያዢ። እንዳትመልሺለት። ቢቆጣሽም እንዳትመልሺ።»

ሰኞ ለኮሌጁ የስፖርት ኃላፊ ነገርኩ። ቢሮው ውስጥ የእኛ ቡድን ፎቶ ከጀርባው ተሰቅሏል። እስክጨርስ አዳመጠኝ። ከዚያ፣ ቫን መንዳቱን እኔ ብረከበው ጥሩ እንደሆነ፣ ሌላው ግን የውድድር ወቅቱ ካለቀ በኋላ እንደሚታይ ነገረኝ። «አንድም አልተሸነፋችሁም እኮ» አለ። «አንድ ሰው ትንሽ ቢዘነጋ ምን ይገርማል?» ስወጣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከእኔ በፊት የነገረው ሰው እንዳለ ከፊቱ ገባኝ። ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም የሚጠብቀው ዋንጫውን ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት በሙሉ አንድ ነገር ከኋላዬ እየተከተለኝ ያለ ይመስለኝ ነበር። አሰልጣኙ ጠዋት ጠዋት መጥተው ቫኑ አጠገብ ይቆማሉ፤ ኪሳቸውን አንድ በአንድ ይፈትሻሉ። እኔን ሲያዩ ይተዉታል። አይቆጡም። ቢቆጡ እንዴት ደስ ባለኝ። እኛ ደግሞ ማሸነፋችንን ቀጠልን። የአካባቢው ጋዜጠኛ መጥቶ የስኬታቸውን ምስጢር ሲጠይቃቸው፣ ፈገግ ብለው «ልጆቹን ቶሎ ወደ ቤት መመለስ ነው» አሉት። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

የክልሉ ፍጻሜ በእኛ ሜዳ ነበር፣ ሚያዝያ ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ። ጠዋት ጀምሮ አየሩ ከብዶ ነበር። ከቀትር በኋላ ደመናው ከፎርት ወርዝ በኩል ተነሳ፤ ታቹ የጠቆረ ብቻ ሳይሆን አረንጓዴ የተቀላቀለበት። እዚህ ያደገ ሰው ያንን ቀለም ያውቀዋል። ነፋሱ ድንገት ቀጥ አለ። በመጋዘኖቹ በኩል የሚጮኹት ወፎች ዝም አሉ። አምስቱ ሜዳ ላይ ጨዋታው አልቋል፤ የቀረችው የቼኳ ልጅ ብቻ ናት፤ እሷ ካሸነፈች ዋንጫው የእኛ ነው።

የቶርኔዶ አውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያው ሳይረን ጮኸ።

የተቃራኒ ቡድኗ አሰልጣኝ ተጫዋቿን ጎትታ ወደ ጂሙ ሮጠች። ተመልካቹ ተነሳ። እኔ የእኛን ልጆች ወደ በሩ እየነዳሁ ዞር ስል፣ አንደኛ ተጫዋቻችን ሜዳው ላይ ቆማለች። አሰልጣኙ መስመሩ ዳር ቆመው እጃቸውን ዘርግተዋል።

«ቀጥዪ» ይሏታል በእንግሊዝኛ። «ጨዋታው አላለቀም።»

ልጅቷ ታለቅሳለች፤ ግን አልተንቀሳቀሰችም። እሳቸው ቁሚ ካሏት ትቆማለች። እንዲህ ያደረጓት እሳቸው ናቸው፤ ያሸነፍነውም በዚሁ ነው። ሮጬ ራኬቷን ከእጇ ነጠቅኩ። «ግቢ! አሁን!» አልኳት። ሮጠች።

ወደ እሳቸው ስመለስ የኳሱን ቅርጫት አንስተው ኳስ እየለቀሙ ነበር። የመጀመሪያው በረዶ መሬቱን መቶ ነጠረ።

«ኮች፣ እንግባ።»

«ምን ያስቸኩልሻል? ሰዓት እላፊው ገና ነው» አሉኝ በአማርኛ። «ልጆቹ ቤታቸው ይደርሳሉ።»

ሳይረኑ ጆሯቸው ውስጥ ምን ሆኖ እንደገባ ያን ጊዜ ተረዳሁ። እጃቸውን ይዤ ብጎትት ንቅንቅ አላሉም፤ ሽማግሌ ቢሆኑም ክንዳቸው የስፖርተኛ ክንድ ነው። በረዶው እየገፋ፣ እየተለቀ መጣ። አንዱ ትከሻዬን መታኝ።

«ሰዓት እላፊውን ወደፊት አምጥተውታል» አልኳቸው። «አሁን ነው። ልጆቹ ውስጥ ብቻቸውን ናቸው።»

ቅርጫቱን ጣሉት። «ብቻቸውን?» አሉና ከእኔ ቀድመው ሮጡ።

የልብስ መቀየሪያው ክፍል መስኮት የለውም። መብራቱ ጠፍቶ በስልክ መብራት ተቀምጠን ነበር፣ ልጆቹ ግድግዳውን ተደግፈው፣ የሌላው ኮሌጅ ልጆች ማዶ። ላያችን ላይ ጣሪያው እንደ ባዶ በርሜል ይደበደባል። አሰልጣኙ መሃል ላይ ቆመው ስም መጥራት ጀመሩ። የእነዚህን ልጆች ስም አይደለም፤ የመጀመሪያውን ዓመት፣ የዚያን በሙሉ የተሸነፈ ቡድን ስም ነው የሚጠሩት። አንዷም አልሳቀችም። የቼኳ ልጅ ወደ እኔ አየች፤ ራሴን ነቀነቅኩላት። እጇን አነሳች።

«አለሁ» አለች በእንግሊዝኛ።

ቀጣዩን ጠሩ። ብራዚላዊቷ «አለሁ» አለች። እንደዚያ እያሉ ሄዱ። በመጨረሻ አንድ የኢትዮጵያዊት ስም ጠሩ፤ እኔም የማላውቀው። መልስ የሰጠ የለም። ደግመው ጠሩ። ድምፃቸው ተለወጠ፤ ወደ በሩ ዞሩ፣ ሊወጡ ነው። ከኋላቸው ያለችው ትንሿ የፎርት ወርዝ ልጅ ፈጠን ብላ «አለሁ፣ አለሁ» አለች። እሳቸውም ቀርበው ራሷን ዳበሱና መሬት ላይ ተቀመጡ።

ቶርኔዶው ከመጋዘኖቹ የሁለቱን ጣሪያ ገልጦ አለፈ። ከእኛ ሜዳ አጥሩንና የነጥብ ሰሌዳውን ወሰደ። የቫኑ መስታወት አንድም አልተረፈም። ሰው አልተጎዳም።

የተቃራኒ ቡድኗ አሰልጣኝ ያየችውን ሁሉ ሪፖርት አደረገች፤ ልክ ነበረች። በዚያኑ ዕለት ምሽት ኃላፊው ደውሎ አሰልጣኙ እረፍት ላይ መሆናቸውን፣ ቡድኑን እኔ እንደምይዝ ነገረኝ። የተቋረጠው ጨዋታ ሌላ ከተማ ተጠናቀቀ፤ አሸነፍን። ግንቦት ላይ ብሔራዊውን ዋንጫ ወሰድን፤ ኮሌጁ ካገኛቸው ሁሉ ትልቁን። ልጆቹ ሲተቃቀፉ እኔ አግዳሚው ላይ ነበርኩ፤ ደስታው ቢመጣም አልሞቀኝም።

ስለዚያ መጨረሻ ስለተጠራው ስም እትዬን ጠየቅኳቸው። 

«ታናሽ እህቱ ናት» አሉ። «በዚያን ዘመን አንድ ማታ ወጥታ ሳትመለስ ቀረች። ስሟን ሲጠራ የሰማሁት ስንጋባ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።»

በመጸው ኮሌጁ የክብር እራት አዘጋጀላቸው። አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ የድሮ ተጫዋቾች ከየግዛቱ መጥተዋል። አባቴ አጠገቤ ተቀምጧል፣ እትዬ ከፊት። አሰልጣኙ ጥቁር ሱፍ ለብሰው ማይክሮፎኑ ጋ ቆሙና በጥሩ እንግሊዝኛ አመሰገኑ። ከዚያ ቆም አሉ። ሕዝቡን ከዳር እስከ ዳር አዩ። ቀጥለው በአማርኛ፣ በዚያው በረጋ ድምፅ፣ «እነዚህን ሁሉ ልጆች ወደ ቤት የሚሸኛቸው ማነው? እየመሸ ነው። እኔ ቁልፍ የለኝም፤ ቁልፌን ወስደውብኛል» አሉ።

በአገራቸው ቋንቋ የመረቁ መስሎት አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ አጨበጨበ። ከኋላ አንዷ «ጎንበስ!» ብላ ጮኸች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። አባቴ ክንዴን ጨብጦ ያዘኝ።

«ምን እያሉ እንደሆነ የሰማ የለም?» አለኝ።

«እኛ ሰምተናል» አልኩት።

እትዬ ተነስተው መድረኩ ላይ ወጡና የአሰልጣኙን እጅ ይዘው አወረዷቸው። ጭብጨባው እስኪቀመጡ ድረስ አልቆመም።

አሁን ዋና አሰልጣኝ እኔ ነኝ። ዘንድሮ ያሸነፍነውን ያህል ተሸንፈናል፤ ኃላፊው ትከሻዬን መታ መታ ማድረጉን ትቷል። አሰልጣኙ ቤት ናቸው። ስሜን የሚያስታውሱበት ቀን አለ፣ የማያስታውሱበትም አለ። እትዬ በሩ ላይ ከፍ አድርገው ሌላ መቀርቀሪያ አስገጥመዋል፤ አሰልጣኙ ነፋስ በተነሳ ቁጥር ልጆቹን ልፈልግ ብለው ስለሚወጡ ነው። አንዴ ሃይዌዩ ዳር በካልሲ ሲሄዱ ፖሊስ አግኝቷቸዋል።

ስለዚህ የአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ እትዬ ይደውሉልኛል። ሄጄ ሦስታችን መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ውስጥ እንቀመጣለን፣ እስኪያልፍ። ይህ ወር ገና መጀመሩ ነው፤ ከፊታችን ያለው ደግሞ አውሎ ነፋሱ የሚብስበት ወር ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ደመናው በምዕራብ በኩል ሲነሳ ስልኬ ጠራ። ልጆቹን ወደ ጂሙ አስገብቼ፣ ፕራክቲሱን አቋርጬ ሄድኩ።